ያስተማርከኝ የክርን ስም

ለልጄ አባት፣

ሰላምታዬ ከቡራዩ ሱሉልታ ድረስ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? አዲሱ ትምህርት ቤትስ ተስማማህ? እኔና ልጅህ ያኔት ደኅና ነን፤ ግራ ክንዴ ብቻ ብርድ ሲነካው ይጠዘጥዘኛል።

ሰበታ ሳለን፣ ገና እጮኛሞች ሆነን፣ ክርኔን ይዘህ ያስተማርከኝን ታስታውሳለህ? እንግሊዞች ክርንን «ኤልቦው» ይሉታል አልከኝ። የቃሉ መጀመሪያ በድሮ ቋንቋቸው ክንድ ነው፣ ጨርቅም ይለኩበት ነበር፤ መጨረሻው ደግሞ መታጠፊያ ማለት ነው አልክ። እናቴም ጋቢ የምትለካው በክንዷ ነው ስልህ ሳቅክና ክርኔን ሳምከው። እንዴት ያለውን አዋቂ ላገባ ነው ብዬ ነበር፤ ሞኝ ነበርኩ።

ያንኑ ክርን ጠምዝዘህ የሰበርከው ዕለት፣ ሐኪም ቤት ይጠይቁናል ብለህ መናገሻ ወጌሻ ዘንድ ወሰድከኝ። ከደረጃ ወደቀች አልካቸው። አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ። በመካከላችን የገቡት ሽማግሌዎችም ገመና ይሸፈን ብለው፣ የደረሰብኝን ለማንም እንዳልናገር በመስቀል አስማሉኝ። አንተን ምንም አላስማሉህም።

ባለፈው ቅዳሜ ኦቦ ባጫ ቤቴ መጡ። ልጃቸውን ጂቱን ለማግባት ሽማግሌ መላክህን ከሳቸው ሰማሁ። ለአንተ ያሠሩትን ጋቢ ከሰበታ ሸማኔ ተቀብለው መመለሳቸው ነበር። ሰው ልጁን ከመዳሩ በፊት መጠየቅ ደንብ ነውና፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንክ ጠየቁኝ።

መሐላዬን አላፈረስኩም። ጎበዝ አስተማሪ ነው አልኳቸው። ያስተማርከኝንም ቃል አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ክንዱ የቱ፣ መታጠፊያው የቱ እንደሆነ ላሳያቸው እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እስቲ ዘርጊው አሉኝ። አልተዘረጋም።

ከደረጃ ወድቃ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልመለስኩላቸውም። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡና፣ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ገብቶኛል» አሉኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እውነቱን ልንገርህ፣ ከተለያየን ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፤ ይህን ሁሉ እያሰብክ የምትኖርበት ዕድሜ። ብርዱ እንዳይጎዳህ ደራርበህ ልበስ። ጋቢውን ኦቦ ባጫ ሲወጡ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገውልኝ ሄደዋል። በደኅናው ክንዴ ለካሁት፤ ለእኔ ልክ ነው።

የልጅህ እናት