ለሁለት ምንሽር አንዲት መርፌ

ለቀበሌያችን የጦር መሣሪያ ቆጠራ ኃላፊ፣ ለክቡር አቶ ሙሉዓለም፤
እንዲሁም ይህን በደጃቸው ተለጥፎ ለሚያነብ፣ ማንበብ ለማይችልም ለሚነበብለት ላገር ሰው ሁሉ፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎስ፣ ወንበርዎስ፣ ማኅተምዎስ ደኅና ናችሁ? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ሰባ ስምንት ዓመቴን ተሸክሜ ደኅና ነኝ። አሁንም በሬዬን ራሴ ጠምጄ አርሳለሁ፤ ገብሴን ራሴ ወቅቼ ራሴ ለነፋስ እሰጣለሁ፤ ባለቤቴ ውብነሽ ካረፈች ወዲህም ሽሮዬን ራሴ አማስላለሁ፣ ሲያርርም ማንንም ሳልወቅስ እበላዋለሁ። ይህንንም ደብዳቤ የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ከቤተ ልሔም በመጡ መሪጌታ እግር ሥር ሲሆን፣ ዳዊቱን ሳልጨርስ ለእርሻ ስለተጠራሁ፣ የጎደለ ፊደል ቢያገኙ እንደ ጠመንጃዬ ዕቃ እርስዎ ጋ ወድቆ ቀርቶ ይሆናል ብለው ይለፉት።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። በኅዳር ወር ጠመንጃ ያለው ሁሉ ይዞ ይቅረብ፣ ቁጥሩም ይመዝገብ በተባለ ጊዜ፣ የአባቴን ምንሽር በትከሻዬ አንግቼ፣ የፈቃዱን ወረቀት በኪሴ ይዤ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ደጅዎ ቆሜያለሁ። ቁጥሩ ከላይ በግልጽ ተቀርጾ ሳለ፣ ትጋትዎ በላይ በላዩ አላስኬድ ብሎዎት ከውስጥ ሊፈልጉት ገቡ። የፋሲካ በግ እንደሚያወራርድ ሰው ጠረጴዛዎ ላይ ብልት በብልት አወጡት። እኔም «የኔ ጌታ፣ ቁጥሩ እዚህ ላይ ነው» ብዬ በጣቴ ባሳይዎ፣ «አባቴ፣ እርስዎ አርፈው ይቀመጡ፣ ይህ የሙያ ሥራ ነው» አሉኝ። አርፌ ተቀመጥሁ። መፍታቱ አልቆ መግጠሙ ላይ ሲደረስ ግን ሙያው ምሳ ሰዓት ደረሰበትና ነገ ተመለስ ተባልሁ። በማግሥቱ ጠመንጃዬ በማዳበሪያ ከረጢት ተጨምሮ ተሰጠኝ። መንገደኛው ሁሉ ድንች የገዛሁ መስሎት እንዴት ነው ዋጋው እያለኝ ቤቴ ገባሁ። ስለዚህ ክብር እግዜር ይስጥልኝ።

ቅሬታዎቼን እነሆ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ከረጢቱን ቁርበት ላይ ብዘረግፈው መርፌዋና ሞላዋ የሉም። መርፌ የምላት በመቀርቀሪያው ሆድ ውስጥ ተኝታ ቃታ ሲሳብ ጥይቱን ከኋላ የምትወጋውን፣ ከስንዝር የማትበልጠውን ቀጭን ብረት ነው፤ አባቴ በሚስማር ጫፍ ትንሽ መስቀል ጭራዋ ላይ ጭሮባታል። ሞላዋም ያችኑ መርፌ ወደፊት የምትገፋው ናት። ተመልሼ መጥቼ ብነግርዎ፣ ከጎደለ ትርፍ ዕቃ ይሆናል ብለው አጽናኑኝ። የሠራው ፈረንጅ ሳያውቅ ይህን ሁሉ ዘመን ትርፍ ብረት እየጨመረ ሲያከፋፍል መኖሩን የደረሱበት የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎትና፣ ለፈረንጁም እንዲጻፍለት እለምናለሁ። ለማንኛውም ከጠረጴዛዎ ሥር ጎንበስ ብሎ የሚፈልግ ሰው ቢታዘዝልኝ ብዬ ለምኜ ነበር። ጎንበስ የሚል አልተገኘም።

ሁለተኛ። እንዲያውም በፍለጋው ፈንታ ሌላ ወረቀት መጣልኝ። በሚመጣው አርብ በኅዳር የተቆጠረ ጠመንጃ ሁሉ ዳግመኛ እንዲቀርብ፣ አካሉ ያልተሟላው ግን እንደ ቁርጥራጭ ብረት ተቆጥሮ እንዲወረስ የሚያዝ ነው። የጎደለውን የጣለ እጅና የጎደለውን የሚወርስ እጅ አንድ መሆኑ ለሥራ ቅልጥፍና በጣም አመቺ ነው፤ አደንቃለሁ።

ሦስተኛ። እኔም እንግዲህ ቤቴ ተቀምጬ የአባቴን ጠመንጃ እንደ አዲስ ልሠራው ተነሣሁ። ሰደፉ ከረጢት ውስጥ ተሰንጥቆ ስለነበር ከአሮጌ ሞፈሬ ጠርቤ ተካሁት። ሞላዋን ቀጥቃጩ ከጭነት መኪና ወንበር ሽቦ ጠምጥሞ ሠራልኝ። ቤቴ ጨለማ ዓይኔም ደካማ ስለሆነ ዕቃውን በሰፌድ ይዤ አውድማው ላይ ተቀመጥሁ። ውብነሽ ብትኖር ነጠላዬን አንጥፈህ ሥራ ትለኝ ነበር፤ ሳትኖር ጊዜ ገለባ ላይ ሠራሁ። ሞላዋን ጫን ባደርጋት እንደ ፌንጣ ተስፈንጥራ ጠፋች። የወቃሁትን ገብስ እንደገና በወንፊት ነፋሁት፣ ገለባውን በእፍኝ በእፍኝ አየሁት፤ የለችም። እዚያው ስትጭር የነበረችው የጎረቤቴ የአዛለች ዶሮ ነበረችና ጥርጣሬዬ በእርሷ ላይ ወደቀ። አዛለች «አያ ጓዴ፣ ዶሮዬ እንቁላሉን ትታ ጥይት ልትጥልልዎ ነው?» ብላ ብትስቅብኝም፣ አርቡ እየቀረበብኝ ነበርና ለምኜ አሳረድኋት። ሆዷ ቢከፈት ጠጠርና ገብስ እንጂ ሌላ የለም። የገና ጾም ስለሆነም የሚቀምሳት ክርስቲያን ጠፍቶ ውሻ ጾሙን ገደፈባት። አመሻሽ ላይ ጋቢዬን ሳራግፍ ሞላዋ ከእጥፋቱ ዱብ አለች። ክቡር ሆይ፣ የዚያች ንጹሕ ዶሮ ነፍስ በእኔና በእርስዎ መካከል እኩል ትካፈል ብል እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

አራተኛ። እስከዚህ ድረስ የሳቀ ሰው ቢኖር ከዚህ በኋላ አይስቅም።

መርፌዋን ቀጥቃጩ አልችላትም አለ። በዚህ አገር የእኔን የሚመስል ምንሽር ያለው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በላይነህ ነው። እርስዎ በቅርብ የተሾሙ ስለሆኑ ላይሰሙ ይችላሉ እንጂ፣ የበላይነህ ወንድም ወንድሜን በድንበር ጠብ ገድሎብኛል። ገዳዩም አገር ጥሎ በሄደበት ሞቶ ቀረ። ደሙ ወደ እኔና ወደ በላይነህ ሳይዞር፣ ሽማግሌዎች በመስቀል ፊት ሁለቱን ምንሽሮች መሬት ላይ አጋድመው እኛን በላያቸው አሻገሩን። ቃላቸውም «ሁለቱ ጠመንጃዎች በየቤታቸው ይሰቀሉ፤ የአንዱ ከወረደ የሁለተኛውም ይውረድ፤ አንዱ ቤት ታጥቆ አንዱ ቤት ባዶውን አይደር» የሚል ነበር። እርስዎ ብረት ብለው የሚቆጥሩት፣ እኛ ዘንድ ዕርቅ የተሰቀለበት ነው።

የበላይነህን ደጅ ከዚያ ወዲህ ለለቅሶ እንጂ ለልመና ረግጬው አላውቅም። ረገጥሁት። ነገሬን ቆሞ ሰማ፤ ምንሽሩን ከግድግዳ አወረደ፣ መርፌዋን አወጣ፣ በባዘቶ ጠቅልሎ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። «ያባትህ ጠመንጃ ታውሮ አይደር፤ እኔን ገና አልጠሩኝም» አለ። እውነት ነው፤ በኅዳር ታሞ ተኝቶ ስለነበር ሳይቀርብ ቀርቷል። ታዲያ ጽሕፈት ቤትዎ የቀረ ሰው አይረሳምና፣ ሳምንት ሳይሞላ ለበላይነህም ወረቀት ደረሰው፤ ለዚያው አርብ፣ ለዚያው ጠረጴዛ።

እንግዲህ ሁለት ምንሽርና አንዲት መርፌ ይዘን ቀረን። እኔ ሙሉ ይዤ ብቀርብ የበላይነህ ይወረሳል፤ ልመልስለት ብሄድ «የተፋሁትን ምራቅ መልሼ አልልስም» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ኩራቱን አልነቅፍበትም፤ እኔም ብሆን የማደርገው ያንኑ ነው። ወሬው ግን እኛን ሳይጠብቅ ወንዝ ወርዷል። ጓዴ በላይነህን በዘዴ ትጥቅ አስፈታው፣ አሮጌው ደም ሊመለስ ነው እየተባለ ነው። የወንድሜ ልጅ ከብቶቹን ሲያጠጣ ሰላም የሚለው አጣ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የሁለቱ ቤት ጎረምሶች በቅጽሩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተለይተው ቆመው፣ አንዱ አንዱን ከእግሩ እስከ ራሱ ሲመለከተው አየሁ። እንዲያ ሲቆሙ ያየሁት ወንድሜ ሊሞት ሰሞን ነበር።

ስለዚህ ውሳኔዬን በአክብሮት አስታውቃለሁ። አርብ ከበላይነህ ጋር አንድ ላይ እንመጣለን፤ ይህን ያህሉን በንስሐ አባታችን በመምሬ ዮሐንስ አስለምኜ እሺ አሰኝቼዋለሁ። መርፌዋን በፊትዎ፣ በገዛ እጄ፣ በእርሱ ጠመንጃ ውስጥ እመልሳታለሁ። የእኔ ዕውር እንደሆነ ጠረጴዛዎ ላይ ይጋደማል። ወይ ሁለቱን ይተዋሉ፣ ወይ ሁለቱን ይወስዳሉ። አንዱን ወስደው አንዱን ቢተዉ የሚሆነውን የምነግርዎ ላስፈራራዎ አይደለም፤ ቀባሪ ስለነበርሁ ነው።

እስከዚያው ማንም እንዳይደርስብኝ፣ ያለብኝን ዕዳ ራሴ እከፍላለሁ። ለአዛለች ጾሙ ሲፈታ እንቁላል ጣይ ዶሮ፣ ከነይቅርታው። ለቀጥቃጩ ያበጠርሁት ገብስ። ለታኅሣሥ ገብርኤል የተሳልሁት ጧፍ። ለበላይነህ መርፌውን፣ እንደሰጠኝ በባዘቶ ጠቅልዬ። ለወንድሜም፣ ደሙን በሰው ደም አልመልስም ብዬ በመስቀሉ ፊት የገባሁትን ቃል፣ በየቀኑ፣ ጥርሴን ነክሼ።

ሥልጣንዎን ያጽናልዎ፣ ጠረጴዛዎንም ያስፋልዎ፣ ሥሩን የሚያይ ሰውም ይስጥልዎ እያልሁ፣ በነጠላዬ ዳር እጅ የምነሣዎ፣
ከነዕቃው የተፈጠርሁ፣ እስካሁንም ምንም ያልጎደለብኝ፣
ጓዴ ገብረ ሚካኤል

ማስታወሻ፦ ይህን የምጨምረው ደጅዎ ላይ ቆሜ በእርሳስ ነው። ደብዳቤውን ልለጥፍ ብመጣ ለስብሰባ ወጥተው በሩ ተዘግቶ አገኘሁት። ጓጉንቸሩ ጠፍቶ ኖሯል መሰለኝ፣ በበሩ ቀለበቶች መካከል ከስንዝር የማትበልጥ ቀጭን ብረት ተሸጉራለች። ጎንበስ ብዬ አየኋት፤ ጭራዋ ላይ መስቀል አለባት። አልነካኋትም፤ ሽማግሌው የመንግሥት በር ከፈተ እንዳልባል። አርብ ማለዳ ሰዉ ወደ አርብ ገበያ ሲያልፍ በላይነህና እኔ መምሬ ዮሐንስን ይዘን እዚሁ ደጅ እንጠብቅዎታለን፤ በገዛ እጅዎ ነቅለው ይሰጡኛል። በርዎ ክፍቱን እንዳይቀር ከተረፈችኝ ከአሮጌ ሞፈሬ ቁራጭ መሸጎሪያ ጠርቤ አመጣልዎታለሁ። እርሷንም ከዕዳዬ ቆጥሬያታለሁ።