በእንዶድ እጅ የተተከሉት ሁለት መስመሮች

አልዩ አምባ፣ ኅዳር 16 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለበሽር፣

አሰላሙ አለይኩም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቅ፤ መሠረተ ትምህርት ገብቼ የለ! ደብረ ሲና ድረስ የሚጽፍልኝ ሰው አጥቼ አይደለም። ይህን ግን በሌላ ሰው እጅ ማስጻፍ አፈርኩ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ የበርበሬው በሽታ ባሰ። ቅጠሉ ተዥጎርጉሮ ተኮማተረ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሰላሀዲን መጥቶ «ወደ ሰው ማሳ ሳይዛመት ሁሉንም ንቀዪው» አለኝ። የእናቴ ዘር ነው፣ ከዚህ ሌላ ፍሬ የለኝም። «መጀመሪያ እኔን ንቀለኝ!» ብዬ መሀል ማሳው ላይ ቆምኩ። ታውቀኝ የለ። ሦስት ሳምንት ሰጠኝ።

በማግስቱ ከአንኮበር የግብርናው ሠራተኛ ወልደተንሣኤ መጣ። ቅጠሉን አገላብጦ «ቫይረስ ነው፤ የያዘውን የሚያድን መድኃኒት የለም። ለመሆኑ ትምባሆ የነካ ሰው አለ?» ሲለኝ እጄን ከሻሼ ሥር ደበቅኩ። ጎመኑን የወረረውን ክሽክሽ፣ ያን ጥቃቅን ተባይ፣ ለማጥፋት ትምባሆ ስጨምቅ ውዬ፣ በዚያው እጄ ችግኙን የተከልኩት እኔ ነኝ። «ከትምባሆው ወደ በርበሬው በእጅ ይተላለፋል» አለኝ።

ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ግን ምንም አልሆኑም። እነሱን የተከልኩት ከሌሎቹ በማግስቱ ነው፤ በእንዶድ ልብስ ሳጥብ ቆይቼ አረፋው ከእጄ ሳይደርቅ። እጄን አውጥቼ ሁሉንም ስነግረው ወልደተንሣኤ የሁለቱን መስመሮች ቅጠል አየና «እጅሽ ስለጠራ ይሁን እንዶዱ ራሱ እንጃ፤ እስቲ የእንዶዱን ቅጠል ጨምቀሽ በመርጨት ሞክሪው» አለ።

የታመመውን በገዛ እጄ ነቅዬ አቃጠልኩ። እያለቀስኩ ነው የነቀልኩት፣ አልዋሽህም። እነዚያ ሁለቱና የታመመ እግራቸው ተነቅሎ የጸዱ ሦስት፣ በጠቅላላ አምስት መስመሮች ቀሩኝ። የእንዶድ ቅጠል እየወቀጥኩ፣ በውሃ እያጠለልኩ በየአራት ቀኑ ረጨኋቸው። መጀመሪያ አወፍሬው ጥቂት ቅጠል ለበለበብኝ፤ ከዚያ አቀጠንኩት። የታመመውን አያድንም፣ ያልታመመውን ግን ሲጠብቅ በዓይኔ አየሁ።

ትላንት ቀኑ ሞላ። ሰላሀዲን አንድ በአንድ ሲቆጥር እኔም ከኋላው እየተከተልኩ ቆጠርኩ። ከአምስቱ መስመር የታመሙት አራት እግር ብቻ ናቸው። «ይቆይ» አለ። ዘሩ ተረፈልኝ፤ ለከርሞ ማሳውን ሙሉ እተክለዋለሁ። ማንም አያስቆመኝም።

በሽር፣ «ከገበያ ያመጣኸው ችግኝ ነው የእናቴን ዘር ያስበከለው» ብዬ በውሃ መቅጃው ሰው ሁሉ ፊት አዋረድኩህ፤ አንተም በዚያው ጥለኸኝ ሄድክ። ባለፈው ጁምዓ እዚያው ቦታ ቆሜ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ባሌን በሐሰት ነው የከሰስኩት» ብያለሁ። ከዚያ እንስራዬን አንስቼ ተመለስኩ።

ደብረ ሲና ጭነት ማውረዱ ከተስማማህ አላስገድድህም። እንዶድ ለመውቀጥ የኔ ክንድ ይበቃል።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ያን ዕለት በእንዶድ ያጠብኩትና እጄን ያጠራልኝ ያንተ ሽርጥ ነበር። ጥለኸው ብትሄድም፣ ዛሬም እንደገና አጥቤ አስጥቼዋለሁ።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ።

የበደለችህ ዙቤዳ