የቀይ ቀለሙ የከብት ሐኪም፦ የአቶ ስጦታው ይታያል የሕይወት ታሪክ

አቶ ስጦታው ይታያል ከአባታቸው ከመሪጌታ ይታያል ቢሆነኝ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ገብረ ክርስቶስ በ1957 ዓ.ም. ቢቸና አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው የቅኔ መምህር እንዲሆኑላቸው ቢመኙም የልጃቸው ልብ ወደ ከብት ሕክምና አደላ። ትምህርታቸውን ቢቸና ጨርሰው፣ በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠልጥነው፣ በ1979 ዓ.ም. ሞጣ ተመደቡ። ሰው «ዶክተር» ብሎ ሲጠራቸው «ረዳት ነኝ» እያሉ ያርሙ ነበር፤ ማን ሊሰማቸው! በ1983 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሀብትነሽ ባየ ጋር ተጋብተው ንጋትንና ጸደንያን ወለዱ።

ቀጥሎ ያለውን ሳንጽፍ ብናልፍ እሳቸው ራሳቸው ይቀየሙን ነበር። በ1998 ዓ.ም. ፋሲካ ሲቃረብ ሞጣ ላይ አንድ የታመመ በሬ መርፌ ወጉ። መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ ሃያ ስምንት ቀን እንዳይታረድ ለባለቤቱ መንገር ሲገባቸው፣ ወረፋው በዝቶባቸው ዘነጉት። በሬው በሳምንቱ ለፋሲካ ቅርጫ ታረደ። ከተካፋዮቹ ዘጠኝ ሰው ታመመ። ከሁሉ የጠናባቸው ወይዘሮ ሀብትነሽ ነበሩ፤ ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው አምስት ቀን ሐኪም ቤት ተኙ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ዳኑ። ሰዉ ባለ በሬውን ሊከስ ሲነሣ አቶ ስጦታው መሐል ገብተው፣ «የወጋሁት እኔ ነኝ፤ ቀኑን አልነገርኩትም። እሱን ተዉት» አሉ። ያን ዕለት አንጀታችንን በሉት።

ከዚያ ወዲህ የወጉትን ከብት ሁሉ ቀንዱን ቀይ ይቀቡ፣ ቀኑ ሲሞላም ራሳቸው ሄደው ይፍቁ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ወደ ቢቸና ሲዛወሩ ልኳንዳ ነጋዴዎች ብዙ አጉረመረሙባቸው፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

ዘንድሮ ጡረታቸው ሲቃረብ፣ ጥር 9 ቀን የገዛ ሰንጋቸውን ወግተው ቀንዱን ቀቡ። በሳምንቱ ልባቸውን አሟቸው፤ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል።

ትናንት ለቀብርተኛው ምን ይታረድ ሲባል የሁላችንም ዓይን ያ ሰንጋ ላይ አረፈ። ለእሳቸው ቀብር ሽሮ ማቅረብ ነውር ነው ያልን ነበርን፤ ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸውም አንዱ ነኝ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ግን፣ «እሳቸው የከለከሉትን እኔ አልፈቅድም» አሉ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ዛሬ በሽሮ ስናስተናግዳችሁ አትቀየሙን። ቸሩ አምላክ ያን የሞጣውን ኑዛዜ ተቀብሎ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። የሰንጋው ቀን የሚሞላው የካቲት 7 ነው፤ ቀለሙን የሚፍቁት ወይዘሮ ሀብትነሽ ናቸው።