አረንጓዴው ፓስታ የማን ነው?

ውድ ሔርሜላ፣

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሰማሁት። «ረይሐናዬ፣ እዚህ ኩሽና ረዳት እየፈለግን ነው፤ ለሼፍ ማራኪ ነግሬልሻለሁ፣ ቶሎ ነይ» ትያለሽ። ድምፅሽ ደስ ብሎታል። እኔ ግን ስልኩን የዱቄት ጆንያው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። በድምፅ ልመልስልሽ ብል ማልቀሴ ስለማይቀር ነው የምጽፍልሽ።

ቀንቼብሻለሁ። ይኸው፣ አልኩት። ባለቤቴ ሂሻም «ቀንተሽባታል እንዴ?» ሲለኝ «ምኗ ያስቀናኛል?» ብዬ ነበር አፉን የዘጋሁት።

ወይዘሮ ስመኝ ያንን የኢንተርኔት ትምህርት ከፍለው ያስገቡን ጊዜ ትዝ ይልሻል? «የሆቴላችን እንግዳ የፋብሪካ ፓስታ ሰልችቶታል፣ በእጅ የሚሠራውን ተማሩልኝ» ብለው። አንዷን ስልክ ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፈን፣ ሼፍ ማራኪ ከአዲስ አበባ ዱቄቱን በእንቁላል ስታቦካ እያየን እኛም እናቦካለን። ያንቺ ሊጥ ከመጀመሪያው ቀን እንደ ሕፃን ጉንጭ ለሰለሰ። የእኔ ስዳምጠው እየተበጠሰ አስቸገረኝ። ማራኪ አንቺን «ሔርሜላ፣ እጅሽ ይባረክ» ትልሻለች፤ እኔን «ከጎንሽ ያለችው» ነበር የምትለኝ። ትምህርቱ እስኪያልቅ ስሜን አልያዘችውም። አንቺ በዚህ ትስቂ ነበር። እኔም አብሬሽ እስቃለሁ፤ ሳቁ ግን ከጥርሴ አያልፍም ነበር።

ለመጨረሻው ክፍል እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ነገር ሠርቶ ይቅረብ ተባለ። ያን ቀን እናንተ ቤት ነበርን። እናትሽ፣ እትዬ አገርነሽ፣ የበቆሎውን ሊጥ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ቀቅለው ፎሰሴ አቅርበውልን እየበላን፣ «ይሄን ቅጠል ፓስታው ውስጥ ብናቦካውስ?» ያልኩት እኔ ነኝ። «የፈረንጅ ፎሰሴ ልትሠሩ ነዋ!» ብለው ሳቁብን።

በማግስቱ ሁለታችንም ሞከርነው። የእኔ ውሃ በዝቶበት ከጠረጴዛው ጋር ተጣበቀ። አንቺ ዱቄት ጨመርሽበት፣ ሸፍነሽ አሳረፍሽው፣ እንደ ነጠላ አሳስተሽ ዳመጥሽው። ስልኩ ፊት ብታነሺው ማራኪ ጮኸች። «ይሄ ደግሞ የማን ሐሳብ ነው?»

«የረይሐ…» ስትይ ኔትወርኩ ቆመ። ሲመለስ ማራኪ ስለ ሌላ ተማሪ ስጎ ታወራለች። አንቺም አልደገምሽውም። እኔም ድገሚላት አላልኩሽም፤ ዞሬ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ።

ከዚያ ማራኪ አዲስ አበባ ለሥራ ጠራችሽ። መናኸሪያ ስሸኝሽ አጠገቤ ቆመሽ ስታለቅሺ እኔ የሻንጣሽን ገመድ እፈታለሁ፣ እንደገና አስራለሁ። ፊትሽን እንዳላይ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሂሻም ሱቁን ዘግቶ መጣ። «ጓደኛሽ ቲክቶክ ላይ ወጣች!» አየሁሽ። ነጭ ኮፍያ አድርገሽ፣ አረንጓዴውን ፓስታ ይዘሽ፣ «የእኛ የጋሞዎች ቅጠል ነው፤ ከእናቴ ነው የተማርኩት» ትያለሽ። ውሸት ቢሆን ኖሮ ተጣልቼሽ ይወጣልኝ ነበር። ግን እኮ እውነት ነው! ቅጠሉ የእናትሽ፣ እጁ ያንቺ። የእኔ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፣ እሷንም ማንም አልሰማት። ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ቪዲዮውን ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንዳየሁት ብነግርሽ ታፍሪልኛለሽ።

ባለፈው ሳምንት የጣልያን እንግዶች መጡ። ወይዘሮ ስመኝ «ለሔርሜላ ደውዪላት፣ እየነገረችሽ ሥሪ» አሉኝ። አልደወልኩም። ቅጠሉን ቀቀልኩና በጨርቅ አድርጌ ጠብታ እስኪያጣ ጨመቅሁት። ሊጡ እሺ አለኝ። ስዳምጠውም አልተበጠሰም። ወላሂ ብቻዬን ሳቅሁ።

ምግቡ ከወጣ በኋላ፣ ወይዘሮ ስመኝ እንግዶቹ መሀል ቆመው «ይሄ አዲስ አበባ ያለችው ልጃችን ፈጠራ ነው» ሲሉ በበሩ ሰማኋቸው። ሽርጤን ሳልፈታ ወጣሁ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት!» አልኩ።

ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ሁሉም መብላቱን አቆመ። ወይዘሮ ስመኝ ክው አሉ። አንዲት ሸበቶ ሴትዮ ፈገግ ብላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ አስጎብኚው ተረጎመው፦ «በጣም ይጣፍጣል፣ ማን አስተማረሽ? ትላለች።»

ስምሽ ምላሴ ላይ ነበር፣ የእናትሽም። «ማንም፤ እኔው ራሴ» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ሰው ሁሉ እያየሽ ሳለ የሌላ ሰው ስም መጥራት እንዴት እንደሚከብድ ያኔ ገባኝ። ገባኝ ማለት ግን ቅናቱ ለቀቀኝ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ረዳት ሆኜ አልመጣም። አንቺ ስትመሰገኚ ከኋላሽ ቆሜ ሽንኩርት ብከትፍ እጠላሻለሁ ብዬ እፈራለሁ፣ ልጠላሽ ደግሞ አልፈልግም። ወይዘሮ ስመኝም ተቆጥተው ሲያበቁ ኩሽናውን ለእኔ ሰጥተውኛል። አልሐምዱሊላህ፣ ይበቃኛል።

ለመስቀል መምጣትሽ አይቀርም። መጀመሪያ እናትሽን ሳሚ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ነይ። ኩሽና ግን እንዳትገቢብኝ። እንደ እንግዳ ተቀመጪና ላቅርብልሽ። ከጣፈጠሽ ንገሪኝ። ያ ሁሉ ሰው ካጨበጨበልኝም በኋላ ካንቺ አፍ ካልሰማሁት ያመንኩት አይመስለኝም።

እየቀናችብሽ የናፈቀችሽ፣
ረይሐና
አርባ ምንጭ