ሲወጡ ያጥፉ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ጀመረልሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ንዴቱ ባይኖር ከደህናም በላይ ነበርኩ።

ይህን ማን ጻፈለት ብለሽ አትጨነቂ፣ እኔው ነኝ። ከማታ ትምህርት ቤት ከሠላሳ ሁለት ሰው ሦስተኛ ወጥቻለሁ። አንደኛውና ሁለተኛዋ ድሮም ትንሽ ትንሽ ያነቡ ስለነበር አትቁጠሪያቸው።

አሁን ወደ ንዴቴ። በዚህ በርና መስኮት መሥሪያ ድርጅት አሥራ ሁለት ዓመት ተላላኪ መሆኔን ታውቂያለሽ። ከላይ ቢሮ "ቁመቱን በሁለት ጣት ቀንሱ" ሲባል ቃሉን በጭንቅላቴ ይዤ ታች መቁረጫ ክፍል የማደርስ እኔ ነኝ። አንዲት ቃል ፈስሳብኝ አታውቅም። ታዲያ ዘንድሮ አለቃችን "መልእክታችን በየሰው ስልክ ወደ ውጭ እየወጣ ንድፋችን ተሰረቀ፤ ከግቢ የማይወጣ የራሳችን መላላኪያ ይኑረን" አሉና ባለሙያ ቀጠሩ። ሽቦ ከእጁ ስለማይጠፋ ገመዱ እንለዋለን። ሰርቨር የሚባል ጥቁር ሣጥን አምጥቶ የት ቢያስቀምጠው ጥሩ ነው? እኔ ክፍል፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ። ጣውንት ቤቴ ድረስ መጣችብኝ በይው።

ሠራተኛው ሁሉ በሣጥኑ በኩል በየስልኩ መጻጻፍ ጀመረ። ሣጥኑ ግን አመሻሹ ላይ ይሞታል፣ ጠዋት ስገባ ይነሣል። ለማታ ፈረቃ መልእክት ሳይደርስ ቀርቶ አርባ በር አጥሮ ተቆረጠ። ገመዱ ሽቦውን ሁሉ ቀያየረ። "ጋሼ፣ እዚህ አይጥ አለ እንዴ?" ቢለኝ፣ "አይጥማ የሚበላ ያለበት ቤት ነው የሚገባው" አልኩት።

በሦስተኛው ሳምንት አለቃችን "ሣጥኑንም ሰውየውንም አስወጡልኝ፤ እሱ እንደ ድሮው በእግሩ ያመላልስ" አሉ። እሱ ማለት እኔ ነኝ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ።

የዚያን ዕለት ገመዱ ጠረጴዛዬ ላይ ደብተሩን ረስቶ ሄደ። ፊደል የቆጠረ ዓይን ዝም ብሎ አያልፍም። "ሰኞ አሥራ አንድ ከሩብ ጠፋ። ማክሰኞ አሥራ አንድ ከሩብ ጠፋ። ዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ጠፋ" ይላል። አሥራ አንድ ከሩብ ወደ ትምህርት ቤት የምወጣበት ሰዓት ነው። ዓርብ ትምህርት የለኝም፤ የምወጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

እታለም፣ ከማብሪያ ማጥፊያው በላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች። ያን ሁሉ ዓመት ማጨስ ክልክል ነው የምትል ይመስለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ውጭ መጀመሪያ ያነበብኩት እሷን ነው፤ "ሲወጡ ያጥፉ" ትላለች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሳላጠፋ ወጥቼ አላውቅም። ለካስ መብራቱን ብቻ ሳይሆን ሣጥኑ የተሰካበትን ሶኬትም ኖሯል የምገድለው።

ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ገመዱ ዕቃውን በካርቶን እያሰረ "እንግዲህ ሚስቴን ምን ብዬ ልንገራት ጋሼ?" አለኝ። የሚጠይቀው ሰው አጥቶ እኔን። በንዴት ደረጃውን ወጣሁና ለአለቃችን እውነቱን ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወረቀት ሰጥተው "በል አንተው ጻፍ" አሉኝ። "ይህ አይጥፋ" ብዬ ጻፍኩና ከማጥፊያው በላይ ለጠፍኩት፤ ፊደሌ ከአሮጌው ወረቀት ይበልጣል፣ ሁሉም መስክሯል። ገመዱ ካርቶኑን ፈታ። ሣጥኑ ይኸው ስምንት ቀኑ፣ አንዴም አልሞተ። እኔንም ስምንት ቀን ማንም አልጠራኝ።

በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ። የጓዳዋ አልጋ አሁንም አለች? ዕረፍት ብጤ ነው፣ ክፉ አታስቢ። መልስሽን በድርጅቱ አድራሻ አትላኪው። ጽፈሽ አስቀምጪልኝ፤ ስመጣ ፊትሽ ቁጭ ብዬ ራሴ አነበዋለሁ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽን ሰው አያሳጣው።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ባለ እስክሪብቶው