አምስተኛው ኮምፒውተር

ማክሰኞ፣ የካቲት 3
ሥራ ዋልኩ። መነጽር ቤት ቆሜ ቀኑን ሙሉ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ስል። አንዷ ሴትዮ «ሁለቱም ያው ነው» አለችኝ። ልክ ነሽ ልላት ምንም አልቀረኝም።
ማታ አዲሱን ላፕቶፕ ከፈትኩ። በባሌ የሙዚቃ አካውንት ገባሁ። የዘፈኖቹን ስም ይደረድራል፣ አያጫውትም። «ይህ አካውንት በአምስት ኮምፒውተሮች ላይ ተፈቅዷል። ተጨማሪ ማስገባት አይቻልም።»
አምስት? ከሞተ ሁለት ወሩ። ማን ነው ቦታውን ይዞ የተቀመጠው?

ረቡዕ፣ የካቲት 4
ዝርዝራቸውን አገኘሁት። ስም አውጥቶላቸዋል፣ የኔ ጉደኛ። «ሽማግሌው»... ሳሎን የተበላሸው። «የመሥሪያ ቤት»። «የተሸጠው»። «ሻይ የጠጣው»፣ እሱ የኔ ነው፤ ያጠጣሁትም እኔ ነኝ። አምስተኛው «አኩራፊው»።
ታናሽ ወንድሙ መሆኑ ነው። ዋርሳዬ። እናታቸው ኦፕራሲዮን ትደረግ፣ አትደረግ ብለው ተጣልተው ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም። አካውንቱን ከጠባቸው በፊት አብረው ሲኖሩ ነው የከፈቱት። እስካሁን አላስወጣውም እንዴ?
ለቀብር አልመጣም። ስልክ እንኳን አልደወለም። ሌላ ከተማ ቢኖርስ? አውቶቡስ የለም?
የተናደድኩ ይመስላል አጻጻፌ። ምንም አይሰማኝም።

አርብ፣ የካቲት 6
በምሳ ሰዓት ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። አንዱን ለይቶ ለማስወጣት ያ ኮምፒውተር ራሱ መከፈት አለበት አለኝ። «አለበለዚያ ሁሉንም በአንዴ ማስወጣት ነው። በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚፈቅደው እትዬ፣ ያስቡበት።»
«የአርብ» የሚል የዘፈን ዝርዝር አለ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ስምንት ዘፈን ተጨምሮበታል። «ይሄስ?» አልኩት። «ማሽኑ ራሱ የሚመርጠው ይሆናላ» አለ። ይሆናል...

ቅዳሜ፣ የካቲት 7
አስወጣኋቸው። ሁሉንም። «እርግጠኛ ነህ?» ይለኛል፣ ወንድ መስዬው። አኩራፊው ላይ ዓይኔን ጥዬ ተጫንኩት። ለቀብር ያልመጣ ሰው በሟች ዘፈን ምን ያደርጋል? የይለፍ ቃሉንም ቀየርኩ።
ዘፈኑ ተጫወተ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ሰማሁት። ሽንኩርቱ እንኳን አላስለቀሰኝም።

እሁድ፣ የካቲት 8
ምንም።

አርብ፣ የካቲት 13
ሥራ ላይ ነበርኩ። የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ደንበኛ መስሎኝ አነሳሁት።
«እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ቁርጥ ባሌን። ተቀመጥኩ። ወንድሙ ነው።
«እህቴ፣ ምን አድርጌው ነው?»
«ማንን?»
«ወንድሜን ነዋ! አስወጣኝ እኮ። አርብ አይደል፣ ዘፈን ላስቀምጥ ብገባ የለሁም። እኔ አርብ አንድ አስቀምጥለታለሁ፣ እሱ ሰኞ አንድ ይመልስልኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ። መመለስ ካቆመ ሁለት ወሩ... ዝም ብዬ ሳስቀምጥ ነበር። ምን አስቀየምኩት? ይቅርታ ይጠይቅሃል በይው። ንገሪው በቃ።»
ንገሪው...
«ማንም አልነገረህም?» አልኩት።
«ምኑን?»
እዚያው፣ አንድ ደንበኛ የመነጽር ክፈፍ ይዞ እየጠበቀኝ፣ ነገርኩት። ስልኩ አልተዘጋም። ትንፋሹ ይሰማኛል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14
እህታቸውን ጠየቅኳት። በለቅሶው ጊዜ «ለእሱ እኔ አስነግራለሁ» ያለችው እሷ ናት። «እንዲህ ያለ ነገር በስልክ እንዴት ይነገራል? አጎታችን ሄዶ ይንገረው ብዬ ነበር።» አጎትየው ደግሞ «ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ እሷ የነገረችው መስሎኝ» ይላሉ።
እኔስ? ሁለት ወር ስቀየመው አንድ ቀን ደውዬለታለሁ? በስምንት አርብ ስምንት ዘፈን ለሞተ ሰው ሲያስቀምጥ፣ ማሽኑ ነው ብዬ... እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17
መጣ። ላፕቶፑን ብብቱ ውስጥ ይዞ። ፀጉሩ ሸብቷል።
«የቱ ጋ ነበር የሚቀመጠው?» ነው መጀመሪያ ያለው። ወንበሩን አሳየሁት። አልተቀመጠበትም፣ ከጎኑ ሌላ ሳበ።
የይለፍ ቃሉን ራሴ ጻፍኩለት። አሁን ሁለት ኮምፒውተር ሆንን። ስም ስጠው ይላል።
«አኩራፊው ነበር የሚልህ» አልኩት።
ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰ። ውሃ ቀዳሁለት። ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም።
ሲወጣ «ያው ስሙ ይሁን» አለኝ።

አርብ፣ የካቲት 20
አንድ ዘፈን አስቀምጧል።

ሰኞ፣ የካቲት 23
ከሥራ እንደገባሁ ከፈትኩት። የአርቡ ዘፈን ብቻውን ተቀምጧል። ሰኞ ነው፣ መላሽ የለውም። እኔ ደግሞ ሰው አስመርጣለሁ እንጂ መምረጥ አልችልበትም። ልተወው አልኩ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ድስት ጣድኩ፣ ተመለስኩ። ስንቱን ሰምቼ አንዱን አስቀመጥኩ።
ወዲያው ደወለ።
«ሰኞ ነው» አለ።
«አዎ፣ ሰኞ ነው» አልኩት።
ከዚያ ነው ያለቀስኩት። ድስቱ እስኪያር።