እስከ ቅዳሜ የማይወርደው ጨርቅ

ካሩዋሩ፣ ብራዚል

የምወድህ ልጄ ጊልዳዚዮ፣ እመቤታችን በሄድክበት ሁሉ ትቅደምልህ፤ የፖርቱጋል ብርድ ደረትህን አይንካብኝ። እኛ ደህና ነን፤ እኔማ ደስታው እንቅልፍ ነሥቶኛል።

እህትህን ኒልዛን ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ለነርስነት ተቀበሏት! የፌዴራሉም፣ የግዛቱም። ትምህርቱ አንድ፣ ዘመኑ አንድ፣ ሁለቱም በነፃ። የፌዴራሉ ግን የፊት ለፊት ጎረቤታችን የዶና ዙልሚራ ልጅ የመግቢያ ፈተናውን ሁለቴ የወደቀበት ነው። ልብሷን ስተኩስላት፣ ኒልዛ ጥግ ይዛ ስታነብ አይታ፣ "አንቺ ሴት፣ ይልቅ ካውያ አስይዣት፤ መጽሐፉ ምን ሊሆናት ነው?" ያለችኝን ታስታውሳለህ? እኔም እንደ ሰፈራችን ወግ "ኒልዛ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ገባች!" የሚል ትልቅ ጨርቅ አስጽፌ በረንዳችን ላይ፣ ልክ ከበሯ ትይዩ ሰቀልኩላት። ጠዋት ጠዋት ብቅ ትልና መስኮቱን ጓ! አድርጋ ትዘጋዋለች። "እንደምን አደሩ፣ ጎረቤት!" እላታለሁ፣ ከልቤ።

ትናንት ኒልዛ፣ "እማዬ፣ የግዛቱ እኮ ሆስፒታሉ ግቢው ውስጥ ነው፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በሽተኛ እናያለን። እሱን ብመርጥ ጨርቁን ታወርጂዋለሽ?" አለችኝ። "ምርጫው ያንቺ ነው" አልኳት። ዓይኔን አየችና ወደ ጓዳ ገባች። ለእኔ ስትል ያልፈለገችው እንዳትገባ ፈራሁ። ምዝገባው ሰኞ ነው፤ አንተን ትሰማለችና የልብሽን ምረጪ በላት።

ብቻ እባክህ ልጄ፣ ከእሁድ በፊት እንዳትደውልላት። ቅዳሜ ዶና ዙልሚራ ስልሳ ዓመቷን ታከብራለች፤ እንግዶቿ ሁሉ መኪናቸውን የሚያቆሙት ጨርቁ ሥር ነው።

እጅህ የነካውን ሁሉ እግዜር ይባርክልህ።

እናትህ ኢቮኔ